ስስ አየር

በፕሮሰሰር ማሸጊያ ላይ ከሚጻፉት ቃላት ሁሉ ትንሿ፣ ነገር ግን ብዙ ጭቅጭቅ የምታስነሣው «እስከ» ናት። «እስከ 4.5 ጊጋኸርዝ» ይላል ጽሑፉ። ገዢ ቁጥሩን ያነባል፤ ቃሏን ዘሎ ያልፋታል። ዕቃው ቁጥሩ ላይ አልደርስ ያለው ሰው ግን ወደ እርሷ ተመልሶ እንደ ውል አንቀጽ ይመረምራታል።

እኔም ከሰሞኑ ከዚህች ቃል ጋር ሰነበትሁ። ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው ቨርጂኒያ ነው። ቅዳሜ ለእኔ ሲመሽ፣ ለእርሱ ገና ከሰዓት ሲሆን፣ በአንድ የበረራ ጨዋታ ላይ እንገናኛለን። ኮምፒዩተሮቻችን መንትያ ናቸው፤ ኬዛቸው 10 ሊትር አይሞላም፣ የአንድ ውሃ ጀሪካን ግማሽ ቢሆን ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለ 6 ኮሩ ራይዘን 5 3600 በረራውን እያንቀራፈፈ ቢያስቸግረን፣ ወንድሜ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣውን ባለ 8 ኮር ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ ሁለት ገዛ። አንዱን ለራሱ ገጠመ፤ ሌላውን በዘመድ ሻንጣ ላከልኝ። ገንዘቡ ከሌሊት ፈረቃ የተጠራቀመ ነው። ዕቃው ሕመምተኛ ቢሆን የምመልስበት መንገድ የለኝም።

«የእኔ በጨዋታ ላይ 4.4 እየረገጠ ነው፤ ያንተስ?» አለኝ በስልክ። የእኔ ከ3.8 ፈቅ አላለም። ይህን ብነግረው ሌላ ለመግዛት ተጨማሪ ሌሊት እንደሚሠራ ስለማውቅ፣ «ገና እያየሁት ነው» ብዬ ወደ ምርመራዬ ገባሁ።

ፕሮሰሰር በአንድ ቋሚ ፍጥነት የሚሠራበት ዘመን ካለፈ ቆይቷል። ኢንቴል ሊያወጣው ያሰበውን ባለ 4 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 4 በ2004 እ.ኤ.አ. ሰረዘና ፊቱን ወደ ብዙ ኮሮች አዞረ፤ በ2008 ደግሞ ቱርቦ ቡስት ያለውን ዘዴ ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ ከፍተኛው ፍጥነት በየቅጽበቱ የሚሰጥና የሚነሣ ፈቃድ ሆነ። ፕሮሰሰሩ ሙቀቱን፣ የሚስበውን ኃይልና በሥራ ላይ ያሉትን ኮሮች ብዛት እያየ ለራሱ ይፈቅዳል፣ ራሱንም ይከለክላል። የእኔው መነሻው 3.4፣ ጣራው 4.5 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ሁሉ እንደ ሁኔታው ነው።

ስለዚህ ሁኔታዎቹን አንድ በአንድ መፈተሽ ጀመርሁ። ባዮሱ አዲሱን ፕሮሰሰር የሚያውቀው እትም ነው፤ ቡስቱም ተከፍቷል። በዊንዶውስ የኃይል ቅንብር ውስጥ የፕሮሰሰሩ ከፍተኛ መጠን 100 ከመቶ ላይ ነው፤ ይህ ቁጥር 99 ቢሆን እንኳ በብዙ ማሽኖች ቡስት ይጠፋል። ማቀዝቀዣውን ነቅዬ ቅባቱን እንደገና ቀባሁት፤ ለውጥ የለም። ቀጥሎ አንዱን ኮር ብቻ ሥራ ሰጠሁት፤ 4.4ን አልፎ ወጣ። አቅሙ አለ ማለት ነው! ስምንቱንም ባሠራኋቸው ጊዜ ግን ሙቀቱ 90 ዲግሪ ደረሰ፤ 90 ለዚህ ፕሮሰሰር የመጨረሻው ድንበር ነው። በጀርባው ላይ የተነባበረው 64 ሜጋባይት ተጨማሪ ካሽ ለጨዋታ የሚመረጥበት ምክንያት ቢሆንም፣ ሙቀቱ በሌላ የሲሊከን ንብብር አልፎ እንዲወጣ ያስገድደዋል።

የኬዙን ጎን ስከፍተው ፍጥነቱ ወዲያው ጨመረ። ነገሩ የአየር ነው። ይህን ለወንድሜ ብነግረው ሳቀ። «አዲስ አበባ እኮ ብርድ ናት! እኔ በሙቀት ተቀቅዬ የእኔ ማሽን ቀዝቅዟል፤ ያንተው ምን ሆኖ ይግላል?»

ጥያቄው የቀልድ ይምሰል እንጂ መልሱ ያለው እዚያው ውስጥ ነው። ብርድና ብዙ አየር አንድ አይደሉም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ በእኩል ሙቀት የእኛ አየር ከባሕር ዳር አየር ሩብ ያህል ይሳሳል። ይህን ከማናችንም በፊት ጀበናችን ያውቀዋል፤ ውሃ እዚህ የሚፈላው 100 ሳይደርስ፣ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ማራገቢያው የሚገፋው የአየሩን ይዘት እንጂ ክብደቱን አይደለም፤ ሙቀትን ተሸክሞ የሚወጣው ግን ክብደቱ ነው። ስለዚህ ወንድሜ ቤትና እኔ ቤት በእኩል ፍጥነት የሚዞሩ ሁለት ማራገቢያዎች እኩል አይሸከሙም። ሰፊ ኬዝ ይህን ጉድለት ችሎ ያልፈዋል፤ ጀሪካን የማይሞላ ኬዝ ግን የተፋውን ትኩስ አየር መልሶ ይምገዋል።

መድኃኒቱ ቀላል ሆነ። ከኬዙ የጎን ቀዳዳ እስከ ማቀዝቀዣው አፍ ድረስ ከካርቶን ቆርጬ አጭር መተላለፊያ ሠራሁለት፤ ከውጭ የሚገባው አየር ከውስጡ ትኩስ አየር ጋር ሳይቀላቀል እንዲደርስ። የማራገቢያውንም ዙር ሲሶ ያህል ከፍ አደረግሁት፤ ሩብ የጎደለውን ክብደት ለመሙላት የሚያስፈልገው ስሌት ያ ነው። በዚያው ጨዋታ ላይ 4.3 ደረሰ፤ ሙቀቱም 83 ላይ ረጋ። ጩኸቱ ጨምሯል፤ እሱን በጆሮ ማዳመጫ እችለዋለሁ። የቀረችውን የ0.1 ልዩነት ደግሞ ለከፍታው ተውኳት።

ለወንድሜ ደውዬ «የላክኸው ደኅና ነው» አልሁት። ብዙም አላብራራሁም፤ እርሱም ብዙ አልጠየቀም። ከዚህ ይልቅ ከቦሌ እንነሣ አለ። በሩቅ አገር ሆኖ ሁልጊዜ የሚመርጠው መነሻ ቦሌ ነው። የቦሌ ረጅሙ ሜዳ 3,800 ሜትር ነው፤ በስስ አየር ክንፍም እንደ ማራገቢያው የሚይዘው ያንሰዋልና፣ አውሮፕላን ከመነሣቱ በፊት ረጅም መንገድ መሮጥ አለበት። ጨዋታውም ይህን ጠንቅቆ ያሰላል። ማሽኔ እያጓራ፣ የወንድሜ ማሽን በዝምታ፣ ሁለታችን ጎን ለጎን ሜዳውን አጋመስነው፤ እርሱ እንደ ልማዱ «አሁንም አልተነሣም?» ይላል። «ቆይ፣ እዚህ ትንሽ መሮጥ ይጠይቃል» አልሁት።