ከጀጎል በሮች እስከ ሐርላ፦ የጥንት አንጥረኞች የሥራ ቤት ምን ይነግረናል?

ለበዓል ስታጌጡ ከአንገታችሁ የምታጠልቁት ዶቃ በማን እጅ እንደ ተሠራና በየትኛው መንገድ ተጉዞ ከእናንተ ዘንድ እንደ ደረሰ አስባችሁ ታውቃላችሁ? የዚህን ጥያቄ መልስ አፈሩ ጠብቆ ያቆየልን አንድ ስፍራ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ይገኛል። ጉዟችን የሚጀምረው ግን ከሐረር፣ ከጀጎል ግንብ ውስጥ ነው።

ጀጎልን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያስገነቡት አሚር ኑር ናቸው። የግንቡ ከፍታ 4 ሜትር ያህል፣ ዙሪያው ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። በውስጡ የሚገኙት 82 መስጊዶችና ከ100 የሚበልጡ የአውልያ ሥፍራዎች፣ ጠባብ ጎዳናዎቹና ባህላዊ ቤቶቹ ተጠቃለው እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል።

ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ ስትወርዱ ግራና ቀኙ በልብስ ሰፊዎች የተሞላ ጠባብ መንገድ ታገኛላችሁ። ስሙ መኪና ግርግር ይባላል። ይህን ስም ያወጣለት የስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ጨርቁ ከሱቁ ይገዛል፤ ሰፊው ከደጁ ተቀምጦ እዚያው ይሰፋዋል። መሸጫውና መሥሪያው አንድ ላይ ነው። ይህ አሠራር ታዲያ የትናንት እንዳይመስላችሁ።

ሐረር በንግድ የኖረች ከተማ ናት። አሚሮቿ የራሳቸውን ገንዘብ ያሳትሙ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1887 በኋላ የመጡት የሕንድ ነጋዴዎች ደግሞ ሰገነት ያላቸው ባለ ፎቅ ቤቶች ሠርተውባታል። ይሁን እንጂ የዚህ አካባቢ ሰው ከሕንድ ጋር የተገናኘው ያን ጊዜ ብቻ አይደለም። ይህን ለመረዳት የድሬዳዋን መንገድ ይዞ ወደ ሐርላ መውረድ ያስፈልጋል።

ሐርላ ከድሬዳዋ በስተደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የገበሬዎች መንደር ናት። ነዋሪዎቿ ማሳቸውን ሲያርሱ የሸክላ ስባሪና የጥንት ሳንቲም ያገኙ ነበር። የፈረሱት ሕንፃዎች ድንጋዮች ትላልቅ በመሆናቸውም፣ ጥንት በዚያ የኖሩት ግዙፋን ሰዎች ናቸው የሚል አፈ ታሪክ ሲነገር ኖሯል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር የኤክስተር ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር ባካሄዱት ቁፋሮ የተገኘው ግን የግዙፋን ሳይሆን የባለ እጆች ከተማ ነው።

ከአፈሩ ሥር የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የመቃብር ሥፍራና የጌጣጌጥ ሠሪዎች የሥራ ቤት ወጥቷል። በዚያ ሥራ ቤት ብርና ነሐስ፣ የከበሩ ድንጋዮችና የብርጭቆ ዶቃ ረቂቅ ጌጥ ይሆኑ ነበር። ዛጎሉ ከማልዲቭስ ደሴቶች፣ ሸክላው ከየመንና ከቻይና ድረስ የመጣ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ የግብፅ የብርና የነሐስ ሳንቲሞችም ተገኝተዋል። የአሠራሩ ዘዴ በዚያ ዘመን የሕንድ አገር አንጥረኞች ይጠቀሙበት ከነበረው ጋር ይመሳሰላል። ይኸውም የሐርላ ሰዎች ከሕንድ ጋር ይነግዱ እንደ ነበር፣ ወይም ከዚያ የመጡ ባለሙያዎች አብረዋቸው ይኖሩ እንደ ነበር ያመለክታል። የሐርላ ገናናነት እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን ቆይቶ አበቃ። ሐረር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1520 የአዳል መናገሻ ሆነች።

በኢጣሊያ አገር የሚገኘውን ፖምፔይ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። እ.ኤ.አ. በ79 የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ የቀበረው ይህ የሮማውያን ከተማ ከቤተ መቅደሶቹ ይልቅ የብዙ ጎብኚ ልብ የሚነካው በትንንሽ ሱቆቹ ነው። የምግብ ሻጮቹ ባንኮኒ ውስጥ የተተከሉት ትላልቅ እንስራዎች ዛሬም እንዳሉ ናቸው። የሐርላም ሥራ ቤት እንዲሁ ነው። ታሪክ ጸሐፊ የአሚርንና የንጉሥን ስም ይጽፋል፤ ዶቃ ሲበሱና ብር ሲያቀልጡ ውለው ልጆቻቸውን ያሳደጉትን የሚያስታውሳቸው ግን የሠሩበት ወለል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ከጀጎል በሮች አንዱ በአማርኛ ቡዳ በር ይባላል። በአገራችን ለዘመናት ቡዳ እየተባሉ ሲሰደቡ፣ ከጋብቻና ከማዕድ ሲገለሉ የኖሩት እነማን ናቸው? ቀጥቃጩ፣ አንጥረኛውና ሸክላ ሠሪዋ አይደሉም? የሠሩትን እያጌጥንበትና እየበላንበት እነርሱን ግን ናቅናቸው። እነሆ፣ ከስምንት መቶ ዓመት በኋላ ስለ ሐርላ ሥልጣኔ አፍ አውጥቶ የመሰከረው የተናቀው ሙያ ነው። ልጆቻችን ይህን ስድብ ከአፋችን እንዳይሰሙ መጠንቀቅ የእኛ የእናቶች ፋንታ ነው።

ሌላም አደራ አለ። ልጅ ከማሳ ዶቃ ወይም ሳንቲም ቢያገኝ ለአላፊ አግዳሚ መሸጥ ያምረዋል። ነገር ግን ዶቃ ካረፈበት አፈር ከተለየ ድዳ ይሆናል። አብሮት ያለው ከሰል ዘመኑን ይናገራል፤ አጠገቡ ያለው ፍርፋሪ እዚያው መሠራቱን ይመሰክራል። ከኪስ የወጣ ዶቃ ግን ዶቃ ብቻ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209ም ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ሁሉ ወዲያው ለሚመለከተው አካል እንዲያስታውቅ ያዝዛል።

እንግዲህ ወደ ምሥራቅ የመሄድ ዕድል ስታገኙ ልጆቻችሁን ጀጎልን አሳዩአቸው፤ በመኪና ግርግር አሳልፋችሁ የሰፊዎቹን እጅ እንዲመለከቱ አድርጉ። ከዚያም ስለ ሐርላ አንጥረኞች ንገሯቸው። ለመሄድ ያልተመቻችሁም ብትሆኑ፣ ከእናታችሁ የወረሳችሁትን ጌጥ ከሣጥን አውጥታችሁ ማን እንደ ሠራው፣ ከየት እንደ ተገዛ የምታውቁትን ያህል አጫውቷቸው። የቤታችሁ ታሪክ የሚጠበቀው እንዲህ ነው።