ውሻ የወሰደብኝ ቋንጣ

ልጄን ላርስ ዋሽንግተን ደላስ አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ ሻንጣዬ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮ፣ የገንፎ ዱቄትና በእጄ የዘለዘልኩት ቋንጣ ነበር። «ምግብ ይዘዋል?» ስባል እንዳይወስዱብኝ ፈርቼ «የለኝም» አልኩ። ወዲያው አንድ ትንሽ ውሻ መጥቶ ሻንጣዬ አጠገብ ቁጭ አለ። ጉልበቴ ከዳኝ።

አብሮኝ የመጣ ያገሬ ልጅ «እማማ፣ አሁንም እውነቱን ይናገሩ» አለኝ። ተናገርኩ፤ አስተረጎመልኝ። ሳይቀጡኝ ቋንጣውን አስቀሩ፤ በርበሬው፣ ሽሮውና ዱቄቱ አለፉ።

ውጭ ልጄ ያን የሚያህል ሆድ ይዛ ሁለት ሰዓት ቆማለች። አቅፋኝ አለቀሰች። ቆይታ «ቋንጣውስ?» አለች።

«ውሻ ወሰደብኝ» አልኳት። ሳቅን።

እናቶች፣ ወደ አሜሪካ ሥጋ አትያዙ። የያዛችሁትን ምግብ ግን ሳትደብቁ ተናገሩ።