ፒዲኤፍ ነው እኮ ቲቸር

ዛሬ የፕሮፖዛል ዲፌንስ ነበረን። የአንዱ ልጅ ርዕስ ሉሲና የአፋር ቱሪዝም ነው፤ ደስ ይላል፣ ልጁም ጎበዝ ነው። ሪፈረንሱ ላይ ስንደርስ ግን ጋዜጣ፣ የአስጎብኚ ድርጅት ድረ ገጽ፣ አንድ የቴሌግራም ቻናል። «ይሄ ምንድን ነው?» ስለው ዓይን ዓይኔን እያየ «ፒዲኤፍ ነው እኮ ቲቸር» አይለኝም! ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ፒዲኤፍማ የሠርግ መጥሪያም ይሆናል። ጥያቄው ለማን ተጻፈ፣ ከመታተሙ በፊትስ ማን አገላበጠው ነው። የጸሐፊው ዲግሪ ብቻውን አይፈታውም። ዶናልድ ጆሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ ሉሲን አገኘ። በ1976 ከሞሪስ ታይብ ጋር ስለ ሐዳር ግኝቶች ኔቸር ላይ ጻፈ፤ የሙያው ሰው ካልሆናችሁ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ያንቀላፋችኋል። በ1981 ደግሞ ከሜትላንድ ኢዲ ጋር ለማንኛውም አንባቢ የሚሆን መጽሐፍ አወጣ፤ እንደ ልብ ወለድ ይነበባል። ሰውየው ያው ነው፣ አጥንቷም ያችው ናት። ስሟን ከቢትልስ ዘፈን እንዴት እንዳገኘች ከፈለጋችሁ መጽሐፉ ይበቃል። የአጥንቱን ልኬት ከፈለጋችሁ ግን ወደ ጆርናሉ።

ጆርናሉማ መች ይከፈታል! ትጫኑታላችሁ፣ ዶላር ክፈሉ ይላል። ተማሪ ዶላር ከየት ያመጣል? እንደኛ ላሉ አገሮች ተቋማት በነጻ የሚከፍት ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባል ነገር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በዓለም ጤና ድርጅት በኩል ሂናሪ ተብሎ የተጀመረው። እኔ ስማር የላይብረሪያችን ሰውዬ ፓስዎርዱን ብጫቂ ወረቀት ላይ ጽፎ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበት ነበር፤ ቁልፉ አንገቱ ላይ። «ለስታፍ ነው» ይለናል። ስታፉ ደግሞ ፓስዎርድ መኖሩንም አያውቅም! ተመረቅን፣ ወረቀቱ እዚያው ቀረ። ዛሬም እንዲህ ያለ መሳቢያ ያላችሁ እዚህ ገጽ ላይ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እባካችሁ ክፈቱት። ልጁ ወደ አስጎብኚው የሄደው በሩ ክፍት ስለሆነ ነው።

ደግሞ አስጎብኚውን አላስወጣሁትም። ሉሲ ለቱሪስት እንዴት እንደምትሸጥ ለሚያጠና ሰው ከዚያ ድረ ገጽ የተሻለ ዳታ የለም፤ ከሪፈረንስ አንስተህ ወደ ዳታህ ውሰደው አልኩት። ስለ ዕድሜዋ ብቻ እንዳይጠይቀው።

ቻናሉ ግን ይወጣል። አድሚኑን አውቀዋለሁ።