«ኪንታሮት ነው» ያለው ማን ነው?

ቡሬና ፍኖተ ሰላም የበርበሬ አገር ናቸው። ስለዚህ ሰገራው ላይ ደም ያየ ሰው መጀመሪያ የሚከሰው በርበሬውን ነው። በርበሬ የቆሰለውን ያቃጥላል እንጂ ደሙ የሚመጣው ከሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው ፍርድ «ኪንታሮት ነው» የሚል ነው። ጎረቤት ይፈርዳል፣ ታማሚው ይቀበላል፤ ቦታውን ግን ማንም አላየውም።

ብዙ ጊዜ ልክ ይሆናሉ። ሳያም ከሰገራ በኋላ ጠብ ጠብ የሚል ደማቅ ደም የውስጥ ኪንታሮት ጠባይ ነው። በምላጭ እንደመቆረጥ የሚያም ከሆነ ደግሞ ፊንጢጣው ተሰንጥቆ ይሆናል። ደሙ ከንፍጥ ጋር ተቀላቅሎ ሆድ ቁርጠትና ትኩሳት ካለስ? አሜባ ወይም ሌላ የተቅማጥ በሽታ ይጠረጠራል።

ወንዝ የሚሻገር፣ መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ ደግሞ ቢልሃርዚያን ማሰብ አለበት። ትሉ አንጀት ዙሪያ ባሉ ደም ሥሮች ይኖራል፤ እንቁላሉ የአንጀትን ግድግዳ ሰንጥቆ ሲወጣ ያደማል። ዓመታት ሲቆይ ጉበትን ይጎዳል፣ ደም እስከማስታወክ ያደርሳል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው። 

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የአንጀት ካንሰር ነው። ኪንታሮት ያለበት ሰው ካንሰር አይይዘውም ያለ የለም። የሰገራ ልማድ ተለውጦ ሳምንታት ከቆየ፣ ተቀምጠው ተነሥተው ገና የቀረ ከመሰለ፣ ሰውነት ከከሳ፣ ድካምና መገርጣት ከመጣ፣ ዕድሜ ሳይቆጥሩ መታየት ነው። ወጣትም ይታመማል። «ኪንታሮት እንነቅላለን» የሚሉትስ? የሚያደርጉበት የሚያቃጥል ቅጠል ሥጋውን አቁስሎ መውጫውን ሊያጠበው ይችላል፤ ዕጢ ካለ ደግሞ ጊዜ ይበላበታል።

ሰው የሚሸሸው ምርመራውን ነው። ሐኪሙ ይጠይቃል፣ ሰገራና ደም ያስመረምራል፣ በጎን አስተኝቶ ጓንት ባጠለቀ ጣት ይዳስሳል። ዳሰሳው ሁለት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም፤ ፊንጢጣ አጠገብ ያለ ዕጢም ብዙ ጊዜ በጣት ይደረስበታል። እናቶቻችን ሴት ባለሙያ ትየኝ ቢሉ ነውር የለበትም።

ቀጠሮ የማይጠብቅም አለ፦ የማይቆም ወይም የረጋ ብዙ ደም፣ ራስ ማዞርና መውደቅ፣ ደም ማስታወክ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚሸት ሰገራ። (ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የአይረን ኪኒንም ሰገራ ያጠቁራል፤ ቀይ ሥርም ያቀላል፤ ለባለሙያው ንገሩ።) ሕፃን እየቆየ እየጮኸ ካለቀሰና ቀይ ንፍጥ ካስቀመጠ፣ አንጀቱ አንዱ በሌላው ውስጥ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው።

ከእነዚህ ውጭ ያለው ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ የጤና መድን ያለውም በዚያው በኩል ነው የሚላከው። መንገድ በሚዘጋበት በዚህ ዘመን ባሕር ዳር ድረስ ሂድ የተባለ ሰው «ደሙ ቆሟል» ብሎ ሪፈሩን ኪሱ ውስጥ ያስቀራል። ዕጢም እኮ አንዳንዴ መድማቱን ያቆማል። መንገዱ በተከፈተ ቀን ያንን ወረቀት ይዞ መሄድ ነው።