ካርዱን ማን ያንብብላት?

ቡናው እስኪፈላ ደመወዝ ስለሌለው አንድ ሥራ እናውራ። በዋጓ ሰቆጣ ከተማ ውስጥ ያን ያህል አይታይም፤ ወደ ገጠሩ ዘልቃችሁ ኽምጣና ብቻ ከሚነገርበት ቤት ስትደርሱ ነው የሚገለጥላችሁ። እናት ትምህርት ቤት ትጠራለች። መምህሩ ኽምጣና አይችልም፤ እሷ ከሰላምታ ያለፈ አማርኛ የላትም። ታዲያ መሀል ገብቶ የሚያስተረጉመው ማን ይመስላችኋል? የተከሰሰው ልጅ ራሱ!

መምህሩ «ከትምህርት ገበታው እየቀረ አስቸግሮናል» ይላል። ልጁ ወደ እናቱ ዞሮ «ፍየል ጥበቃው ይቀነስለት እያለ ነው» ይላታል። እውነት ለመናገር ግማሹ ትክክል ነው። የካርድ ቀንማ አይጣል ነው። ከ62 ተማሪ 48ኛ የወጣ ልጅ ደረጃው ላይ ጣቱን አሳርፎ «አምና 31 ነበርኩ፣ ዘንድሮ 48 ገባሁ» ቢላት ምን ታድርግ? ቁጥሩ አድጓላ! እንቁላል ይቀቀልለታል።

አባትየው ገበያ ስለሚወርድ በፍየልና በማር ዋጋ በአማርኛ ይከራከራል፤ «ተከታታይ ምዘና» ሲሉት ግን እሱም ዝም ነው። ደግሞም ለቀን ሥራ ርቆ የሚሄድበት ወቅት አለ። ስለዚህ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ስብሰባ ላይ የምትቀመጠው እናት ናት። ቃለ ጉባኤው በአማርኛ ይነበባል፤ እሷም አሻራዋን ታሳርፋለች።

ልጁ ካልታመነ የግቢው ጥበቃ ይጠራል። ጥበቃው ሁለቱንም ቋንቋ አቀላጥፎ ይናገራል፣ ችግሩ የመንደሩ ሰው መሆኑ ነው። አንዲት ልጅ ልትዳር ነው ተብላ ከክፍል ብትጠፋና መምህሯ ጉዳዩን በጥበቃው በኩል ቢያነሳ፣ ጥበቃው የሙሽራው አጎት ሆኖ ቢገኝስ?

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማሩ አለ፤ ኽምጣናም ክፍል ገባ። ደግ ሥራ ነው። እናቲቱን ግን ማን ያናግራት? ለዚህ የተከፈተ የሥራ መደብ እኔ አላየሁም።

ወገኖቻችን አሜሪካ ውስጥ ምን እንደሚደረግላቸው እዩ። ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ትምህርት ቤቶቹ ለወላጅ የሚልኩትን መልእክት በአማርኛም ያወጣሉ። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ አማርኛ ተናጋሪውም ከመንግሥት መሥሪያ ቤት አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው። እዚያ በቋንቋችን ካልተነገረን ብለን የምንሟገት ሰዎች፣ እዚህ የዋጓን እናት በልጇ አፍ እናናግራታለን። ትንሽ አያሳፍርም?

«በጀት የለም» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ግን አገሩ ዘዴውን አጥቶት አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር የተመለመሉት የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገሩ፣ 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ናቸው። አንድ ዓመት ሠልጥነው በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ፤ ደመወዝም ተቆረጠላቸው። ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ ክትባትና ስለ መጸዳጃ ቤት ከእናቶች ጋር ቁጭ ብለው አወሩ። ለክትባት የተገኘች ሴት ለካርድ እንዴት ትጠፋለች? ጉድኝት ትምህርት ቤቶች ተጋርተው አንዷን ቢቀጥሩ እኮ ይበቃል።

እስከዚያው፣ መምህር ሆይ፣ ቢያንስ ካርዱን ባለቤቱ አያንብበው። የጎረቤት ልጅ ጥራ፤ የሰው ውጤት ሲሆን አንዷንም ቁጥር አይስትም።