የግራጫ ለባሾቹ ቤት

በለንደን ዌስትሚንስተር፣ ከእንግሊዝ ፓርላማ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው ግሬይ ኮት ሆስፒታል ሐኪም ቤት አይደለም፤ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። በተመሠረተበት ዘመን ድሃ የሚጠለልበት ቤትም «ሆስፒታል» ይባል ስለነበር ስሙ ሳይለቀው ቀረ።

ያቋቋሙት ጳጳሳትም መኳንንትም አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1698 የቅድስት ማርጋሬት አጥቢያ ስምንት ምእመናን፣ ሱቅና ንግድ ያላቸው ሰዎች፣ ገንዘብ አዋጥተው ከፈቱት። በሰፈሩ የድሃ ልጅ ውሎው ጎዳና ነበር፤ ልመናና ስርቆት ደግሞ ከማንም በፊት ባለሱቁን ያስጨንቃሉ። ርኅራኄና የሱቅ ሒሳብ አብረው ሄዱ ቢባል ሐሜት አይሆንም። የታሰበውም ልጁን ከተወለደበት ደረጃ ለማውጣት ሳይሆን እግዚአብሔርን የሚፈራና ሥራ የሚያውቅ ሰው ለማድረግ ነበር።

ለልጆቹ ልብስም ይሰጣቸው ነበር። በዚያው ሰፈር በሌሎች የምጽዋት ትምህርት ቤቶች ሰማያዊ ለባሾችና አረንጓዴ ለባሾች ስለነበሩ ለእነዚህ ግራጫው ደረሳቸው። ልብሱ ብርድ ከመከልከል ሌላም ሥራ ነበረው፦ ልጁ የምጽዋት ልጅ መሆኑን ከሩቅ ያሳብቃል፤ ለጋሹም ገንዘቡ በእግሩ ሲሄድ ያያል።

በ1701 ትምህርት ቤቱ አንድ አሮጌ የድሆች መጠለያ ተረክቦ የወንዶችና የሴቶች አዳሪ ቤት ሆነ። በ1706 ንግሥት አን ቻርተር ሰጡት። ወንዶቹ ለእጅ ሙያ፣ ሴቶቹ በአብዛኛው ለሰው ቤት ሥራ ይሰናዱ ነበር፤ ይህ ሥርዓት ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ቆየ።

ያናወጠው የ1869ኙ ሕግ ነው። ሕጉ ለትምህርት የተተወ የጥንት የውርስ ገንዘብ እንደገና እንዲደራጅ፣ በተቻለ መጠንም ሴቶች እንዲጠቀሙበት አዘዘ። እስከዚያ ድረስ ከእንዲህ ዓይነቱ ገንዘብ የአንበሳውን ድርሻ የሚወስዱት ወንዶች ነበሩ። በ1874 አዳሪነቱ ቀረ፣ ወንዶቹ ወጡ፣ ቤቱ የሴቶች የቀን ትምህርት ቤት ሆነ። የመጀመሪያዋ ርእሰ መምህርት ኤልሲ ዴይ እስከ 1910 መሩት። ጊዜውም የተመቸ ነበር፤ በ1878 የለንደን ዩኒቨርሲቲ ዲግሪውን ለሴቶች ከፈተ፤ የልጃገረድ ትምህርት ከመርፌና ከክር አልፎ የሚደርስበት ቦታ አገኘ።

በ1941 ሕንፃው በጀርመን ቦምብ ተመታ፤ ታድሶ ያለቀው በ1955 ነው። በፊቱ ላይ የንግሥት አን አርማና ግራጫ የለበሱ የወንድና የሴት ልጅ ምስሎች ዛሬም ይታያሉ። በ1977 ተማሪን በፈተና ሳይለይ የሚቀበል ትምህርት ቤት ሆነ፤ በ2011 ደግሞ ከአካባቢው መስተዳድር ቁጥጥር ወጥቶ ራሱን ማስተዳደር ጀመረ።

ለጎዳና ልጅ የተከፈተው ቤት ዛሬ ቦታ የሚሻሙበት ሆኗል። ቤተ ክርስቲያን ማዘውተር ለመግባት ያግዛል፤ ይህም የአንዳንድ ወላጆችን መንፈሳዊነት ሳያበረታ አልቀረም። የትምህርት ሚኒስትሩ ማይክል ጎቭ በ2014፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዴቪድ ካሜሮን በ2015 ሴት ልጆቻቸውን ወደዚህ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለመላክ መምረጣቸው ለጋዜጦች ትልቅ ወሬ ነበር፤ ወግ አጥባቂ ሹማምንት ለልጆቻቸው የግል ትምህርት ቤት መምረጥን ልማድ አድርገውት ነበርና። ወንዶችም ተመልሰዋል፤ የሚገቡት ግን በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ብቻ ነው።