ተመስገንና የቤት ሒሳብ

በአገራችን ሰው «እንደምን ሰነበትህ?» ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ አስቀድሞ የሚሰጠው መልስ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል ነው። ልማዱ መልካም ነው፤ ነገር ግን በችግር ዘመን ይኸው ቃል አንዳንድ ጊዜ ባዶ ድስት የሚሸፍን ክዳን ይሆናል። እኔ በምኖርበት በአምቡሊ ይህን በዓይኔ ስላየሁ፥ ስለ ማመስገን ጥቂት ልጽፍላችሁ ወደድሁ፥ እኅቶቼ።

አምቡሊ ከጅቡቲ ከተማ መኻል ወደ ደቡብ የሚገኝ ሰፈር ሲሆን፥ የአይሮፕላን ማረፊያውም በስሙ ይጠራል። የአምቡሊ ወንዝ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሲሞላ ግን ምሕረት የለውም። በኅዳር 2012 ዓ.ም. የ2 ዓመት ያህል ዝናብ በ1 ቀን ወርዶ ከተማውን አጥለቀለቀው፥ የሰውም ሕይወት ጠፋ። የጭቃው ምልክት ከግድግዳችን ሳይለቅ፥ በመጋቢት ደግሞ በኮሮና በሽታ ምክንያት ከተማው ተዘጋ። በሰው ቤት ሠርተው ያድሩ ከነበሩት ያገራችን ልጆች ብዙዎቹ ያን ጊዜ ከሥራ ወጡ።

አንዲት ወጣት ጎረቤቴ በየጧቱ «እንዴት አደርሽ?» ስላት «ተመስገን፥ ደኅና ነኝ» ትለኝ ነበር። ምድጃዋ 2 ቀን ሙሉ እሳት አለማየቱ የታወቀው ልጄ የተዋስነውን ወንፊት ሊመልስላት በሄደ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ እኛ 9 የሰፈሩ ሴቶች አንድ ደንብ አወጣን፤ ይኸውም «ተመስገን» ከተባለ በኋላ «ዛሬስ ምን ጎደለ?» ተብሎ እንዲጠየቅ ነው። የዕቁባችንም ዕጣ ለተቸገረችው እንዲቀድም ተስማማን። መጀመሪያ ይህ ጥያቄ አሳፋሪ መስሎን ነበር፤ አሁን ግን ከሰላምታው ጋር ተዋሕዷል።

ማመስገን፥ እንደ እኔ አሳብ፥ ከሒሳብ ጋር ይሄዳል። ባለቤቴ በወደብ የጭነት መዝጋቢ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የሥራ ቀኑ ከ6 ወደ 4 በመውረዱ ደመወዙም አብሮ ወረደ። በቤት ደብተሬ «አይበቃም» ብዬ ጻፍሁ። የማይበቃውን በቃኝ ማለት ምስጋና አይመስለኝም። ከዚያው ገጽ በስተቀኝ ግን በቤታችን ያለውንና ከሌላ የተሰጠንን እጽፋለሁ፤ ለምሳሌ ጎረቤት የላከችውን ሎሚ፥ ልጁን በነፃ ያስጠናውን ወጣት። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ካገራችን ከሐደጋላ ጉድጓዶች በቧንቧ ወደ ጅቡቲ የሚመጣውንም ውኃ አንድ ቀን ጽፌዋለሁ። (ባለቤቴ ስቆብኛል፤ ነገር ግን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ባለፈ ቀን ይህን ቦታ የሚያውቅ ሰው አይስቅም።) የጎደለውን ብቻ የምትጽፍ ሴት በቸገራት ጊዜ የማንን በር እንደምታንኳኳ ይጠፋባታል።

በዚያው ሰሞን በቤታችን ክርክር ተነሣ። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ በ1 ዶላር 177.721 ሆኖ የጸና ነው። ብራችን ግን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ስለ ተደረገ፥ በ1 ዶላር 57 ብር ገደማ የነበረው በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። በባንክ ለሚልክ ሰው 320 ብር ያህል የነበረው 1,000 ፍራንክ ከ560 ብር በላይ ሆነ። እኔ በደሴ ለምትኖረው እናቴ በየወሩ 15,000 ፍራንክ እልክ ነበር። ባለቤቴም «9,000 ብትልኪ በብሩ ያው ነው፥ እንዲያውም ይተርፋታል» አለኝ። የቁጥሩ ነገር እውነት ነው። እኔ ግን መልስ ከመስጠቴ በፊት እናቴን ስለ ጤፉ፥ ስለ ዘይቱና ስለ ስኳሩ አንድ በአንድ ጠየቅኋት። «ብሩስ በርክቷል፥ ልጄ፤ ገበያውም አብሮት ሮጧል» አለችኝ።

ስለዚህ 12,000 እንዲሆን ተስማማን። የቀነስሁበትንም ምክንያት ሳልደብቅ ነገርኋት፤ የባለቤቴን የሥራ ቀን፥ የቤቱን ኪራይ፥ ሁሉንም። በስልኩ ውስጥ ጥቂት ዝም አለችና፥ «እሰይ፥ ነገርሽኝ! እስከ ዛሬ ተመስገን ብቻ ስትዪ በምን ልወቅ?» አለች።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ በመንገደኛ እጅ አንድ ጥቅል ደረሰን። ከነጠላ በተቀደደ ጨርቅ የተቋጠረ በርበሬና ሽሮ ነበር። በደብተሬ በስተቀኝ «ከእናቴ፥ በርበሬ 2 ኪሎ፥ ሽሮ 3 ኪሎ» ብዬ ጻፍሁ፤ የዋጋውን ቦታ ግን ባዶ ተውሁት። ከሽሮው አንዱን ኪሎ በማግስቱ ለወጣቷ ጎረቤቴ ወሰድሁላት።